ጡረተኞቹና ጉሊታቸው

እንቁላል ገዢ ሁሉ የየራሱ መፈተኛ አለው። አንዷ ወደ ፀሐይ አንሥታ በጣቶቿ መካከል ታየዋለች፤ ሌላዋ ከጆሮዋ አስጠግታ ትነቀንቀዋለች፤ የሠፈራችን እማማ ደግሞ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ጥቂት ዝም ይላሉ። ጎልማሳ ወንድ ሲመጣ አይፈትንም። "የሀበሻ ነው የፈረንጅ?" ብሎ ይጠይቃል፤ የሀበሻ መሆኑን ከሰማ ብዙም ሳይከራከር ይገዛል። አስኳሉ ቢጫ ነው፣ ጣዕሙም ሌላ ነው ይላሉ ሁሉም፤ እኔም እላለሁ። የሀበሻ ዶሮ በዓመት 60 እንኳ ብትጥል ጎበዝ ናት፤ ግን ቀኑን ሙሉ ጓሮ ስትጭር፣ ትልና ቅጠል ስትለቅም ስለምትውል የምትጥለው ሁሉ ይፈለጋል።

ጉሊቱ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከግቢያችን አጥር ሥር ነው። መሬት ላይ ጆንያ፣ ከጆንያው ላይ ላስቲክ፣ ለፀሐይና ለካፊያ አንድ ሰፊ ዣንጥላ፤ ዕቃው ይኸው ነው። እንቁላል አለ፣ የሀበሻ ጎመን በእስር በእስር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች በመደብ ተከምሮ። ድንች ከጉሊቱ ጠፍቶ አያውቅም። የጉና ተራራ ሥር አፈር ለድንች ደግ ነው፤ ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1858 እ.ኤ.አ. አገባው የሚባለው ይህ እንግዳ ተክል ዛሬ ፋርጣና ጋይንት ላይ ከገብስ እኩል ቤተኛ ነው።

መተዳደሪያዬ ግን ጉሊቱ አይደለም። ዕድሜዬን በመምህርነት ስላሳለፍኩ የጡረታ አበሌ በየወሩ ይደርሰኛል፤ ሠፈሩም እስከ ዛሬ "ቲቸር" ነው የሚለኝ። ጉሊቱ የቆመው ጡረታ ላልተቆረጠላቸው ነው። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ያረጀች አህያ፣ ጉልበቱ አብጦ ከጋሪ የወጣ ቀይ ፈረስ፣ እናቱ እንቢ ያለችው የፋርጣ በግ፣ መጣል ያቆሙ ዶሮዎችና ገና የሚጥሉት አብረው ይኖራሉ። የሚጥሉት ዶሮዎች የማይጥሉትን ያበላሉ፤ ጎመኑ ጭድ ይገዛል፤ ድንቹ ለሐኪምና ለመድኃኒት ይሆናል። ከጉሊቱ የተገኘ ሳንቲም ሁሉ ተመልሶ ወደ ግቢው ይገባል።

አህያዋን ያገኘኋት ገበያ ዳር ነው። ባለቤቷ ክፉ ሰው አልነበረም። ከመቸገሩ በቀር ምንም የሚወቀስበት ነገር አላየሁበትም። "ከእንግዲህ አትጭን፣ ጭድም አታኝክ፤ ወደ ዱሩ ልለቃት ነው" አለኝ። አሮጌ አህያን ወደ ዱር መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አገር የማያውቅ የለም፤ የዚያኑ ሌሊት ጅብ ያገኛታል። ዋጋ አልጠየቀኝም። መጫኛውን ፈትቶ ጠቀለለና ትከሻው ላይ ጣለ፤ እሷን ተወልኝ።

ጀርባዋ ግራና ቀኝ ገጣባ ነበር። ገጣባ ሲድን ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚበቅለው፤ ስለዚህ ግራጫ ጀርባዋ ላይ አሁን ሁለት ነጫጭ ቦታዎች አሉ፤ የጭነቱን ቅርጽ ከሩቅ ያሳያሉ። ከገጣባው ይልቅ ያሳሰበኝ ክሳቷ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አፏን ሲከፍት ነው ነገሩ የገባኝ። የአህያ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ከድዱ ይወጣል፤ በማኘክ እኩል ካልተፋቀ ጠርዙ እየሾለ ጉንጭንና ምላስን ይቆርጣል። ጭዱ ፊቷ ተከምሮ የከሳችው ማኘክ ስላመማት ነው። ሐኪሙ በረጅም ሞረድ ጠርዙን አስተካከለላት፤ ከዚያ ወዲህ መኖዋ አጭር ተደርጎ ተከትክቶ፣ በውኃ ርሶ፣ ፉሩሽካ ተነስንሶበት ነው የሚሰጣት። አህያ በደህና ከተያዘች ሠላሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። የእኛ አገር አህዮች የዚህን እኩሌታ እንኳ ሳይኖሩ የሚያልቁት ከጭነትና ከእጦት የተነሣ ነው።

እስከ ዛሬ የምታደርጋቸው ነገሮች አሉ። የሠፈሩ ወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሣ ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደዚያ ይዞራሉ። ከግቢ ስትወጣ እግሯ ያለ ነጂ ወደ ወፍጮው ይሄዳል፤ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆማ ትጠብቃለች። ጆንያ ይዤ በአጠገቧ ካለፍኩ አራት እግሯን አመቻችታ ጀርባዋን ታስተካክላለች፤ ጭነቱ እስኪወጣላት መቆሟ ነው። ጆንያውን ራቅ አድርጌ አስቀምጬ አንገቷን እስካክላት ድረስ አትንቀሳቀስም።

ፈረስ በእኛ ታሪክ ለጌታው ስም ይሰጣል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። በሬም በመልኩ ይጠራል፤ ገበሬው ሲያርስ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ቡሬ እያለ ያነጋግረዋል፣ ይለማመጠዋል። የአህያ ስም ግን ብዙ አልሰማሁም። ከኋላዋ ሆነው "ሂጂ!" ይሏታል እንጂ። እኔ ደጊቱ ብያታለሁ፤ የሠፈሩ ልጆችም ተቀብለውኝ ደጊቱ ይሏታል።

ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት። እህል ወደ ወፍጮ፣ ውኃ ከምንጭ፣ አሸዋና ድንጋይ ወደ ግንበኛው፣ ማገዶ ወደ ከተማ፤ መኪና የማይደርስበትን ሁሉ አህያ ትደርሳለች። አህያ ባለበት ቤት ሴቲቱ እንስራና የእንጨት ሸክም በጀርባዋ አትይዝም፤ ልጅቱም ውኃ ልትቀዳ ከትምህርት ቤት አትቀርም። ይህንን በመምህርነቴ ዘመን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ አህያ የሞተበት ቤት ልጅ ማርፈድ ይጀምራል። ስለዚህ ለአሮጌ አህያ የሚሰጥ መኖ በእኔ ዘንድ ምጽዋት አይደለም፤ ሳይከፈል የቆየ ደመወዝ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር። ቆዳው ወደ ቻይና ሄዶ፣ ተቀቅሎ ኤጂያኦ የሚባል መድኃኒት ሊሠራበት ነው። ሕዝቡ ተቆጣና በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ማረድን በመላው አህጉር ለ15 ዓመት አገዱ። ሁለቱንም ዜና በደስታ ነው የሰማሁት። ነገር ግን በዚያ ሚያዝያ ከጎረቤት ከሰማሁት ቁጣ አብዛኛው ሥጋው ከምግባችን እንዳይቀላቀል የሚል ነበር። ስለ አህያዋ እርጅና ያነሣ አልነበረም። ከቢላዋ የዳነችው አህያ ጉልበቷ ሲደክም ወዴት ትሂድ? ይህንን ጥያቄ ማንም ጉባኤ አይመልሰውም፤ በየግቢው ነው የሚመለስ።

ጉሊት የሚውል ሰው ባሕረ ሐሳብ ሳይማር አጽዋማቱን ያውቃል። ረቡዕና ዓርብ እንቁላል አይነሣም። የሁዳዴ 55 ቀን፣ የገና ጾም፣ የሐዋርያት፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ፤ በእነዚህ ሁሉ ዶሮዎቹ መጣላቸውን አይተዉም፣ ገዢው ግን የለም። ቅበላ ሲያልፍ ደህና ደህናውን እንቁላል መርጬ አስታቅፋለሁ፤ በ21 ቀን ጫጩት ይሆናል። ጫጩቶቹ ደግሞ ፈንግል ሳይቀድማቸው በዓይን ጠብታ ይከተባሉ፤ ፈንግል አንድ ጊዜ ሠፈር ከገባ በሳምንት ውስጥ ቆጥ ባዶ ያደርጋል። በጾም ወራት ጉሊቱን የሚያቆመው ጎመንና ድንች ነው፤ እሱን የሚያቆመው ደግሞ የደጊቱና የፈረሱ ፋንድያ፣ የበጉ በጠጥ፣ የዶሮዎቹ ኩስ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ከቅጠልና ከአመድ ጋር ተደርቦ ከርሞ ሲወጣ ጥቁር ለስላሳ አፈር ይሆናል። ነጭ ሽንኩርቱ ይህንን ሲያገኝ ፍሬው ይፋፋል።

የሁዳዴ ነገር ከጅብ ጋርም ይገናኛል። በትግራይ ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ የጅብን ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ የሚገኘውን ፀጉር ለይተው ነበር። ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር ድርሻ 15 በመቶ ገደማ ነበረ፤ በዐቢይ ጾም ወደ 33 በመቶ አሻቀበ፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልኳንዳ ቤቱ ይዘጋል፣ ከየቤቱ የሚጣል አጥንትና አንጀት የለም፣ ጅብ ወደ አህያ ይዞራል። ጥናቱን ሳላነብ በፊትም ሠፈራችን በሁዳዴ የጅብ ድምፅ ወደ አጥር እንደሚቀርብ ያውቅ ነበር። የካቲትና መጋቢት ደግሞ ሣር ያለቀበት፣ ምንጩ የቀጠነበት ወራት ናቸው። አሮጌ አህዮች በብዛት የሚለቀቁት ያን ጊዜ ነው፤ ባለቤቱ የሚያበላው ስላጣ ይለቃታል፣ ጅቡም የሚበላው ስላጣ ይጠብቃታል። ስለዚህ በእነዚያ ሌሊቶች ደጊቱና ፈረሱ ውጭ አያድሩም፤ ጋጣቸው በድንጋይ የተካበ ነው፣ መዝጊያውም በሁለት በኩል ይጠረቀማል። ሁለቱ ጎን ለጎን መተኛታቸውን እወዳለሁ። አህያ ብቻዋን መኖር አትወድም፤ ጓደኛ ካጣች ከመኖ ልትርቅ ትችላለች።

ሣር ሲጠፋ የሚያኖረን አተላ ነው። እማማ ጠላ ይጠምቃሉ፤ ጠላ ደግሞ ጾም አይከለክለውም። ጠዋት ባልዲ ይዤ እሄዳለሁ።

"እማማ፣ እንዴት አደሩ? አተላ አለ ዛሬ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ለደጊቱ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው ልጄ፤ ነይ ያዥ።"

አተላው ከፉሩሽካ ጋር ይታሻል፤ ፋጉሎ የተገኘ ዕለት ጥቂት ይጨመርበታል። በፍስክ ዋጋው እንቁላል ነው፣ በጾም ጎመን። የጎመኑን ውጫዊ ቅጠል ከብቶቼ ያገኛሉ፤ ሲበዛ ግን ሆድ ይነፋል፣ በልክ ነው። የድንች ቅጠልና ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነ ድንች ደግሞ መርዝ ስለሆነ ወደ ግቢው አይገባም። ይህንን ለሚጠይቁኝ ሁሉ እነግራለሁ፤ ብዙ ሰው የጓሮውን ትራፊ ያለ ልዩነት ለእንስሳ ይደፋል።

እማማ ደጊቱን የሚወዱት በምክንያት ነው። አያታቸው የክፉ ቀን ልጅ ነበሩ። በ1887 እ.ኤ.አ. ግድም በምጽዋ በኩል ከገባ ከብት ጋር መጣ የተባለው ደስታ የሚሉት በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገሪቱ ከብት ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ፈጀ። በሬ አልቆ መሬቱ ጦሙን አደረ፤ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ አሳዩ ይባላል። ያ በሽታ ግን አህያን አይነካም። "የተረፈው አህያ ነው፤ ዘር ከሩቅ አገር የመጣው በአህያ ጀርባ ነው፤ እንዲህ ይሉ ነበር አያቴ" ይላሉ እማማ፤ ይህንን ሲሉ ሁልጊዜ ከመቀመጫቸው ቀና ይላሉ። በሽታው በ2011 እ.ኤ.አ. ከምድር ላይ መጥፋቱ ታወጀ። ያን ቀን ዜናውን ነግሬያቸው እልል ብለዋል።

ከብት ለዚህ አገር ሰው ምን እንደሆነ በ2013 ዓ.ም. ክረምትም አይቻለሁ። የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ሲደርስ ብዙ ሰው ተፈናቅሎ ወደ ከተማችን መጥቶ ነበር። ጉሊቱ አጠገብ ያረፉ አንዲት እናት ስለ ቤታቸው አንድም ቃል አልተናገሩም። ደጋግመው የሚሉት "ላሟን ፈትቻት ነው የመጣሁ" ነበር። የሚሸሽ ሰው ከብቱን ከችካል የሚፈታው ታስሮ በጥማት እንዳይሞት ነው። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ያንን ለማሰብ የሚያስችል ልብ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

በጉ የመጣው ከፋርጣ ነው፤ አጭር ላት ያለው፣ ደጋውን የለመደ ዘር። መንታ ሆኖ ተወልዶ እናቱ አንዱን ብቻ ተቀበለች። አንድ ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ አመጣውና በጡጦ አሳደግነው። አሁን ትልቅ ሙክት ሆኗል፤ በየበዓሉ ዋዜማ "ስንት ትያለሽ?" የሚለኝ አይጠፋም። አይሸጥም። እኔ ሥጋ የማልበላ ሰው አይደለሁም፤ በፋሲካ ዶሮ ወጥ እሠራለሁ፣ የሚያድጉ አውራ ዶሮዎችንም እሸጣለሁ። ግን ሊኖር የገባ እንስሳና ለገበያ ያደገ እንስሳ በአንድ ግቢ ውስጥ ሲኖሩ ልዩነታቸው መታወቅ አለበት፤ ቃል የገባሁላቸውን አልሸጥም። ለገዢም የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ ዶሮውን እግሩን አስሮ ዘቅዝቆ እንዳይወስደው። ቅርጫት አበድራለሁ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ እንኳ እንስሳን ማሰቃየትን ከደንብ መተላለፍ ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ሕጉን አልጠቅስም፣ ቅርጫቱን ነው የማቀርብ። አብዛኛው ሰው ቅርጫቱን መልሶ ያመጣል።

የፈረሱ ነገር የሚገለጠው በነሐሴ ነው። ከተማችን በስሙ የተጠራችበት በዓል፣ ነሐሴ 13፣ ሊደርስ ሲል እረኞች ጅራፍ ይገምዳሉ። ከልጥ የተገመደ ረጅም ጅራፍ ከተራራ ተራራ ሲጮኽ መስማት ለእኛ የቡሄ ብሥራት ነው፤ በታቦር ተራራ ላይ የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ አባቶች። ፈረሱ ግን ዓመታት ጋሪ ሲጎትት ጅራፍን የሚያውቀው በቆዳው ነው። የመጀመሪያው ጅራፍ ሲጮኽ ቆዳው ከትከሻው እስከ ታፋው ይንዘረዘራል፤ ጭራውን አጣብቆ ግድግዳ ይጠጋል። ላቡ በብርዱ ቀን ይወርዳል።

ለልጆቹ ነገርኳቸው። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ልጆች ናቸው። አልተቆጣሁም፤ ጅራፉም እንዲቀር አልጠየቅሁም፤ የእነሱ በዓል ነው፤ ታቦር ላይ ብርሃኑን አይተው በዱር ያመሹት፣ ወላጆቻቸው ሙልሙል ይዘው በችቦ የፈለጓቸው እረኞች ናቸው። ፈረሱን ብቻ አሳየኋቸው። አንደኛው እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆየና "ቲቸር፣ እየተንቀጠቀጠ እኮ ነው" አለ። በማግሥቱ ጅራፉን ከወንዙ ማዶ አዛወሩት። የቡሄ ዕለት ሆያ ሆዬ ሊሉ ሲመጡ ሙልሙል ሰጠኋቸው፤ ፍልሰታ ስለሆነ እንቁላል የለም፣ ሙልሙል ግን አለ። ያ ልጅ ከድርሻው ቆርሶ ለፈረሱ አጎረሰው።

ይህ ፈረስ ሁልጊዜ ካይሮን ያስታውሰኛል፤ ሄጄባት ሳይሆን አንብቤ። ዶሮቲ ብሩክ የምትባል እንግሊዛዊት በ1930 እ.ኤ.አ. ካይሮ ስትደርስ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ የሠራዊት ፈረሶች ከጦርነቱ በኋላ እዚያው ተሽጠው፣ አርጅተውና አንክሰው ድንጋይና ጋሪ ሲጎትቱ አገኘቻቸው። ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፋ ገንዘብ አሰባሰበች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 5000 ያህል ገዛች፤ አብዛኞቹ ከመድከማቸው የተነሣ ያገኙት ዕረፍት ሕመም የሌለበት ሞት ብቻ ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. የእንስሳት ሆስፒታል አቋቋመች። በስሟ የተጠራው ድርጅት ዛሬ በኢትዮጵያም ይሠራል። በ1969 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተው የአህያ መጠለያ ድርጅትም ለብዙ ዓመታት አገራችን ውስጥ አህዮችን ሲያክም ኖሯል። ሥራቸው ትልቅ ነው፤ ቁስል ያክማሉ፣ ገጣባ የማያመጣ የጭነት ዕቃ መሥራትን ያስተምራሉ። ለአንበሳና ለአቦ ሸማኔም መናገሻ አጠገብ እንስሳ ኮቴ የሚባል ሰፊ ግቢ አለ፤ ከሕገ ወጥ ነጋዴ የተያዙ፣ በጠባብ ጎጆ ታስረው የኖሩ አውሬዎች ያርፉበታል። ነገር ግን ለሚሊዮኖች አህያ መጠለያ የሚሠራ ድርጅት አይኖርም። አንድ ግቢ አንዲት አህያ፣ ሌላው ግቢ አንድ ፈረስ፤ ሌላ መንገድ አይታየኝም።

በየወሩ በ5፣ በአቦ ቀን፣ የሚያልፉ ምእመናን ከጉሊቱ ፊት ቆም ይላሉ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲሣሉ አንበሶቹና ነብሮቹ በግራና በቀኝ ናቸው፤ ከዓይናቸው አጠገብ ደግሞ አንዲት ወፍ አለች። ውኃ ጠምቷት ልትሞት ስትል አይተው ዕንባቸውን ያጠጧት ወፍ ናት። አንድ ቀን ሥዕሉን ከልጅነቷ ጀምሮ ያየች ደንበኛዬ ደጊቱን በአጥሩ ቀዳዳ አይታ ከገዛችው ጎመን ሁለት ቅጠል መዝዛ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ በአቦ ቀን ቅጠል ማቀበል የብዙዎች ልማድ ሆኗል፤ ደጊቱም ያን ዕለት አጥሩ አጠገብ ትውላለች።

ባለፈው ከደራ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ ድንች መርጦ ሲያበቃ አልሄድ አለ። ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና "ቲቸር፣ እኔም አንዲት አሮጌ አለችኝ። ልጆቼን በሷ ነው ያሳደግሁ። ለዱር መስጠት አቃተኝ፣ ማብላትም አቃተኝ" አለ።

ቦታ እንዳለ ነገርኩት። ደጊቱ የራሷን ዘር ጓደኛ ብታገኝ እኔም ደስ ይለኛል። ቦታውን ግን በነፃ አልሰጠሁትም፤ ውሉ እንዲህ ነው፤ እህሉ ሲወቃ ጭድ ያመጣል፣ ሲመለስ ደግሞ ከጉድጓዱ ብስባሽ ጭኖ ለጓሮው ይወስዳል፣ በመጣ ቁጥርም አህያዋን ያያታል።

"የገብስ ጭድ ይሻላል የጤፍ?" አለኝ።

"የጤፍ። ለስላሳ ነው፣ ጥርሷ ለደከመ እሱ ነው የሚሆን።"

"እንግዲያው ከጥምቀት በኋላ ሁለት ጭነት ይዤ እመጣለሁ፤ እሷንም ያን ጊዜ።"

"ጭዱ ይቆይ" አልኩት። "እሷ ግን ሁዳዴ ሳይገባ ትምጣ።"